ያጎነቆለው ሻንጣ

እንደምን ዋላችሁ! ኧረ ቁጭ በሉ፣ ለእኔ ማንም አይነሳም። መድረክ መሪያችን «ትርፌ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» ብሎኛል። ሂሳብ አስተማሪ ነኝ፣ አምስት ደቂቃ ስንት እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ስሌት የለም፣ ብርጭቋችሁን ሙሉና ታገሱኝ።

ጋሽ ግዛቸው፣ እርስዎ ደግሞ ኮትዎን አይቆልፉ። ገና መጀመራችን ነው። እትዬ የሺ፣ ባልዎን እጃቸውን ያዝ ያድርጉልኝ፣ ይሄ ሰውዬ ሲያሙት መውጫ በር ነው የሚያየው።

የሽኝት ወግ ከመጡበት ቀን ይጀመራል። እኔ ያኔ በቆጂ ፊደል እቆጥር ስለነበር አላየሁም። የነገሩኝ ጋሽ ነስረዲን ናቸው፤ ያው እዚያ ጥግ የተቀመጡት፣ የግቢያችን ጥበቃ የነበሩት። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል ይባላል፣ እኔ ግን በሩ ላይ ያላየኋቸውን ቀን አላስታውስም።

ወሩ መስከረም ነው፣ አሰላ በጭቃ ተለውሳለች። ከአውቶብስ አንድ ቀጭን ወጣት ወረደ። ሙሉ ሱፍ፣ ክራቫት፣ ቡናማ ሻንጣ። አዲሱ የጂኦግራፊ መምህር ነው፣ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ። ያንን ሻንጣ አገር አቋርጦ ሲመጣ ጭኑ ላይ አድርጎ ነው የመጣው፤ ጣሪያ ላይ ይጫን ሲሉት «አይሆንም» ብሎ። እንግዲህ በራችን ላይ ደረሰ። ጋሽ ነስረዲን ደግሞ ደግ ሰው ናቸው፤ እንግዳ ሲመጣ ዕቃውን ተቀብሎ ማስገባት የቤታቸው ደንብ ነው። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «ባጋ ነጋን ዱፍተን!» አሉ። እንኳን በደህና መጡ ማለት ነው። ያን ጊዜ አማርኛቸው ትንሽ ነበረች፣ የጋሽ ግዛቸው ኦሮምኛ ደግሞ ጭራሽ የለችም። እንግሊዝኛ ግን ነበራቸዋ! «ባግ» የምትለዋን ለቅመው ሰሙ።

«ባጌን አልሰጥም!» አሉ።

«ባጋ ነጋን ዱፍተን!»

«ሰምቼሃለሁ! ባግ ብለሃል! ለማንም አልሰጥም አልኩ!»

አንዱ በእጀታው፣ አንዱ በታችኛው በኩል ይዘው ሲጓተቱ ርዕሰ መምህሩ ደረሱ። የመጀመሪያው ቀን፣ የመጀመሪያው ሰዓት፣ እንግዳና እንግዳ ተቀባይ በሻንጣ ተናንቀው! ልጆቹም በመስኮት ያጨበጭባሉ አሉ። ርዕሰ መምህሩ ነገሩን ሲያስረዷቸው ጋሽ ግዛቸው ምን አሉ? «ለማንኛውም ሻንጣው እኔ ጋ ይሁን፤ የመጣሁት ለጊዜው ነው።»

አርሲዎች እንደምታውቁት ለዚያ ሰላምታ መልስ አለው። «ባጋ ነጋን ቱርተን» ይባላል፣ እንኳን በደህና ቆያችሁ። ጋሽ ግዛቸው ያንን መልስ አልመለሱም። ጋሽ ነስረዲን እስከ ዛሬ ሲያገኟቸው «መምህር፣ መልሴስ?» ይሏቸዋል። እርስዎም ይስቃሉ፣ ያልፋሉ።

«ለጊዜው!» እናንተዬ፣ ይህቺን ቃል ስንት ዓመት ሰማናት? ተማሪዎች ለአስተማሪ ስም ሲያወጡ ይጨክናሉ፤ እኔን ምን እንደሚሉኝ እዚህ አልናገርም። እሳቸውን ግን ከመጡበት ዓመት ጀምሮ «ጋሽ ለጊዜው» ነው የሚሏቸው። ቤት የተከራዩት ለጊዜው። ቤት የሠሩት ለጊዜው፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ መሠረቱ ድንጋይ፣ ለጊዜው! አስተማሪዎች ክፍል ያለው ወንበራቸው አንድ እግሩ አጭር ነው፣ ከሥሩ የተጣጠፈ ካርቶን አለ። «ጋሼ፣ እናሠራው» ስንል፣ «ተዉት፣ ልሄድ ነው» ይሉናል። ካርቶኑ ስንት ጊዜ ተቀያይሯል፣ እሳቸው ግን አልተነቃነቁም። እትዬ የሺንም ሽማግሌ ልከው ሲያገቡ አባትየው «ልጄን ወዴት ልትወስዳት ነው?» ብለው ቢጠይቁ «ለጊዜው እዚሁ ነን» አሉ ተብሏል። አልዋሹም። ያው እዚሁ ናቸዋ!

ዝውውር ሳይመጣላቸው ቀርቶ እንዳይመስላችሁ። መጥቶላቸዋል። በመጀመሪያው «ተፈታኞቼን የት ልጣላቸው?» አሉ። በሁለተኛው «ድንቹ ገና አልተቆፈረም» አሉ። ከዚያ ወዲህ የጠየቃቸውም የለም። እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቆይ ብረት ይሆናል ይባላል። ጋሽ ግዛቸው ብረቱንም አልፈው ዝገው ግድግዳችን ላይ ተጣብቀዋል፣ እሳቸው ግን አሁንም «እንግዳ ነኝ» ይላሉ።

ደግሞ «የእናንተ አገር»! «የእናንተ አገር ብርድ አጥንት ይገባል።» «የእናንተ አገር ድንች ሆድ ይነፋል።» «የእናንተ አገር ጭቃ ጫማ ይበላል።» ብርዱን የወለድነው፣ ጭቃውን ያቦካነው እኛ ነን በእሳቸው ቤት። ከአስፋልት ወርደው አያውቁም። የጂኦግራፊ መምህር ናቸው እንግዲህ! ጭላሎን በመስኮት በማስመሪያ እያሳዩ ስንቱን ትውልድ አስተማሩ፣ አንድ ቀን ግን እግራቸው አልረገጠውም። «ጋሼ፣ ለምን አይወጡትም?» ስላቸው፣ «ትርፌ፣ ተራራ ከሩቅ ነው የሚገባሽ» አሉኝ። የሚያምር አነጋገር ነው። ጭቃውን ፈርተው፣ የጫማቸው ነገር መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ኦሮምኛማ! «አንዲት ቃል አልሰማም» ይላሉ። ገበያ ሲሄዱ ጋሽ ነስረዲንን ለአስተርጓሚነት ይዘው ነው። ግን አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። ባለ ሽንኩርቷ ስትቀልድ ጋሽ ግዛቸው የሚስቁት ጋሽ ነስረዲን ከመተርጎማቸው በፊት ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አይቼ በሆዴ ያዝኩት።

እሺ፣ አሁን ወደምትጠብቁት ልግባ። ፋጡ፣ አትሸፋፈኚ፣ ጥፋቱ ካንቺ ነው የጀመረው።

የኬሚስትሪዋ ፋጡ የመዝናኛ ኮሚቴያችን ሰብሳቢ ናት። ዘንድሮ ከፋሲካ በፊት አስተማሪዎች ክፍል መጥታ አስታወቀች፦ «ለበዓሉ ማግስት ወደ በቆጂ መንገድ ወጣ ብለን ባጊ እንሄዳለን!» ባጊ፣ ላላያችሁት፣ ትናንሽ መኪና ነው፤ በር የለውም፣ መስታወት የለውም፣ ጎማው ብቻ ያበጠ ነው። አስጎብኚ እየመራ ተራራው ሥር በሜዳውና በጭቃው ይዞ ይዞራል። ፈረንጅ ለዕረፍቱ የሚያደርገው ነው። እኛም ዕረፍት አለን ብለን ነው።

ጋሽ ግዛቸው ጥግ ላይ ፈተና እያረሙ ነበር። ቀና አሉና «ባግ ነው ያልሽው?» አሉ።

«ባጊ፣ ጋሼ።»

«እሺ፣ ይዤ እመጣለሁ» አሉ።

ማንም ልብ አላለውም። በማግስተ ፋሲካ ጠዋት ሁላችን በቱታ፣ በቦት ጫማ፣ በአሮጌ ሹራብ ተሰብስበናል። ጋሽ ግዛቸው መጡ። ሙሉ ሱፍ። ክራቫት። ቡናማው ሻንጣ! ያው ራሱ፣ ነስረዲን የተጓተቱበት!

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?» አልኳቸው።

«ባግ ያዙ ተብሎ የለም እንዴ? አዳር ነው መሰለኝ ብዬ።»

«ከባድ አይደለም?»

«ልብሴ ነው። ሁልጊዜ ዝግጁ ነው፣ ከመጣሁ ጀምሮ ፈትቼው አላውቅም» አሉ ኮራ ብለው። እትዬ የሺ በዚያን ሰዓት ቤተ ዘመድ ጋ ነበሩ። ቢኖሩ ኖሮ ሻንጣውን ከእጃቸው ይነጥቁ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ታያላችሁ።

ስንደርስ አስጎብኚው ብቅ አለ። ነህምያ ይባላል። ጋሽ ግዛቸውን ሲያይ ፊቱ በራ። ለካ ተማሪያቸው ነበር!

«ቲቸር! አወቁኝ? ጂኦግራፊ የጣሉኝ ነኝ!»

«አንተ ነህ? ከደጃፍህ ራቅ ካልክ ትጠፋለህ ያልኩህ?»

«አዎ ቲቸር። አሁን መንገድ መሪ ነኝ። ያኔ ጥለውኛል፣ ዛሬ እኔ እንዳልጥልዎት ይጸልዩ።»

ጋሽ ግዛቸው መኪናውን ዞረው አዩት። «በር የለውም እንዴ?»

«በር የለውም ቲቸር፣ ቀበቶ አለው።»

«ቀበቶማ ሱሪዬም አለው።»

እንደምንም ብለን የራስ ቁር አጠለቅንላቸው። ከክራቫቱ ጋር ምን እንደመሰሉ እኔ አልናገርም፣ ፎቶው ፋጡ ጋ አለ። ነህምያ መሪ ይዟል፣ ጋሽ ግዛቸው ከጎኑ፣ እኔና ፋጡ ከኋላ። ሻንጣውን «ተዉት እዚህ ይጠበቃል» ብንል ሞቼ እገኛለሁ አሉ። ከኋላ በገመድ ታሰረ።

መጀመሪያ ጥሩ ነበር። በገብስ ማሳ ዳር ዳር ቀስ እያልን ሄድን። የበልግ ዝናብ ጥሎ ስለነበር አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ጭላሎ ጉም ተከናንቧል። ጋሽ ግዛቸው እንደ ክፍል ውስጥ ጣታቸውን አንስተው ማስረዳት ጀመሩ። «እንግዲህ ይሄ የምታዩት ተራራ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ...» እስከዚህ ድረስ ነው የሰማነው። ቁልቁለቱ ጀመረ።

ነህምያ ረገጠው! እንደ ድንጋይ ከታች ወዳለው ወንዝ ተወረወርን። የፊቱን ወንበር በሁለት እጄ አንቄ ያዝኩት። ፋጡ «ያ ረቢ!» ትላለች። እኔ የማልጠራው መልአክ የለም። ከፊት ወንበር ደግሞ ምን ተሰማ?

«ያ ዋቅ! ሱታ! ሱታ ዴሚ!»

አቤቱ አምላክ፣ ቀስ፣ ቀስ ብለህ ሂድ! በጥሩ ኦሮምኛ! በአርሲ ኦሮምኛ፣ ከነቃናው! ልብ በሉ፣ «አንዲት ቃል አልሰማም» የሚሉት ሰው ናቸው። ሰው ሲደነግጥ የሚያስመስልበት ጊዜ የለውም። እኔ ሞቴን ረስቼ ሳቅኩ።

ወንዙ ዳር ያለው ጭቃ ውስጥ ገብተን ቆምን፤ ቆምን ማለት ተዋጥን። ነህምያ ነዳጅ ሲረግጥ ጎማው ይሽከረከራል፣ ጭቃው ወደ ላይ ይበተናል፣ ሱፉ ተለወሰ። ጋሽ ግዛቸው ይሄኔ ተቆጡ። «ተው! ተው አልኩህ! አትርገጠው! ይሄ የእኛ ጭቃ ነው፣ አውቀዋለሁ! ሲቸኩሉበት ይይዛል፣ ቀስ ሲሉት ነው የሚለቀው!»

እኔና ፋጡ ተያየን።

«ጋሼ፣ የእኛ አሉ?» አልኳቸው።

«ማን? እኔ? ኧረ አላልኩም።»

ይሄን ሲሉ ከኋላ ገመዱ ተበጠሰ። ሻንጣው ተንከባሎ ጭቃው ላይ ወደቀና ተከፈተ። ጓዶች፣ ያ ሻንጣ ውስጥ ምን እንዳለ ስንት ዓመት ስንወራረድ ኖረናል! አንዱ የአገር ቤት ርስት ሰነድ ነው ይላል፣ አንዱ የቀድሞ ፍቅረኛ ፎቶ ነው ይላል።

ድንች ነበር።

ከአፍ እስከ ገደፉ ድንች! ያውም ዝም ብሎ ድንች አይደለም፤ አጎንቁሎ፣ ነጭ ነጭ ሥር አውጥቶ፣ አንዳንዱ ከሻንጣው ገበር ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ያለ። ጋሽ ግዛቸው የራስ ቁራቸውን እንዳጠለቁ ቆመው አዩት። «ሸሚዞቼስ?» አሉ።

በዚህ መሃል አንድ ሽማግሌ በፈረስ መጡ። ጭቃ የተለወሰ ሱፍ፣ ክራቫት፣ የራስ ቁር፣ በግራ በቀኝ የተበተነ ድንች አዩ። በኦሮምኛ «ከየት መጣችሁ?» ብለው ጠየቁ። አስተርጓሚ የለም። ነስረዲን የለም። ጋሽ ግዛቸው ዞር ብለው እኛን አዩን፣ ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሩና «አኒ ነማ አሰላቲ» አሉ። እኔ የአሰላ ሰው ነኝ።

ሽማግሌው ድንቹን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ገበያው እኮ ዛሬ አይደለም» አሏቸው።

በፈረሱ ጎተቱን። ነህምያም ቀስ ብሎ ነዳ፣ ጭቃውም እንደተባለው ለቀቀን። ድንቹን አንድ በአንድ ለቅመን ወደ ሻንጣው መለስነው። አንዷንም ልንተው ስንል «አትተዉ፣ ዘር ነው» ይሉናል።

ቤት ስንመልሳቸው እትዬ የሺ በር ላይ ቆመው ሻንጣውን አዩት፣ ባላቸውን አዩ። «ዘሬን የት ይዘኸው ሄደህ ነው? ከተመለስኩ ጀምሮ ስፈልገው!»

«የሺ፣ ሸሚዞቼስ?»

«የትኞቹን ሸሚዞች?»

«ሻንጣው ውስጥ የነበሩትን! የመንገድ ልብሴን!»

እትዬ የሺ ምን አሉ መሰላችሁ? «እነዚያንማ የመጀመሪያዋ ልጃችን ስትወለድ ሽንት ጨርቅ አድርጌያቸዋለሁ። ሻንጣው ባዶውን ቦታ ሲይዝብኝ ጊዜ በየዓመቱ የድንች ዘር አኖርበታለሁ።»

እዩዋቸው፣ አሁንም ይስቃሉ! እናንተዬ፣ ይሄ ሰው ስንት ዓመት ሙሉ «ሻንጣዬ ዝግጁ ነው» እያሉ ሲያስፈራሩን፣ ሻንጣው ልጅ አሳድጎ፣ ድንች አብቅሎ፣ ከእሳቸው ቀድሞ አርሲ ሆኗል!

እህ። እንግዲህ ሳቁ እዚህ ጋ ትንሽ ይቁምልኝ።

ይሄ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው ጋሽ ግዛቸው መጥተው የነገሩን። ጡረታቸው ደርሷል፣ ቅዳሜ ጠዋት አይሱዙ በራቸው ላይ ይቆማል፣ ዕቃ ተጭኖ ወደ ደብረ ማርቆስ ይሄዳሉ። እንደ ቀልድ ነበር የሰማሁት። ኋላ መኪናው የእውነት መያዙን ስሰማ ግን ምሳዬን ሳልበላ ነው የተነሳሁት። እትዬ የሺን ጠየቅኳቸው፣ «እሱ ካለ» አሉኝና ፊታቸውን አዞሩ። ከእኔ ይልቅ ጋሽ ግዛቸው ያውቁታል፣ የእትዬ የሺ «እሱ ካለ» ምን ማለት እንደሆነ።

«ጋሼ፣ እዚያ ማን አለዎት?» አልኳቸው።

«የእህቴ ልጆች አሉ።»

«ያውቁዎታል?»

«በስልክ።» ቆዩና ደግሞ፣ «ትርፌ፣ ስመጣ እናቴ "ተመልሰህ ና" ብላኛለች። ቃል ነው» አሉኝ። እናትየው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር። ያኔ ምንም አልመለስኩልዎትም። መልሴን ለዛሬ ነው ያቆየሁት።

ጋሽ ግዛቸው፣ ኦሮምኛ እንደሚሰሙ ያወቅኩት ያን ዕለት ወንዝ ዳር እንዳይመስልዎት። ቀድሜ አውቃለሁ። እናቴ የሞተች ጊዜ ነው ያወቅኩት። እዚህ የተቀጠርኩበት ሁለተኛ ዓመት ነበር፣ ገና በደንብ እንኳ አንተዋወቅም። የእናቴ ቤት ከበቆጂ ወጣ ብሎ ነው፣ መኪና አይገባም፣ ክረምት ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ቀና ብል እርስዎ ቆመዋል። ከአስፋልት ወርደው የማያውቁት ሰው! ጭቃው እስከ ጉልበትዎ ደርሷል፣ አንድ ጫማዎ የለም፣ መንገድ ላይ ውጦት ቀርቷል። አክስቶቼ አማርኛ አይሰሙም። እርስዎ አጠገባቸው ዝቅ ብለው ተቀምጠው በቀስታ ያጽናኗቸው ነበር። በምን ቋንቋ እንደሆነ እኔም እርስዎም እናውቃለን። «ይህቺ ልጅ ብቻዋን አይደለችም፣ እኛ አለንላት» ሲሏቸው ሰምቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ለእርስዎም አልተናገርኩም፣ ቢያፍሩብኝ ብዬ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ አባት አለኝ ብዬ ነው የምኖረው። ክፍል ውስጥ ልጆች ሲያስቸግሩኝ መጥተው ከኋላ ቁጭ ይሉ ነበር፤ «የሂሳብ ትምህርት አምሮኝ ነው» እያሉ። ልጄን ስወልድ የመጀመሪያውን አጥሚት ይዘው የመጡት እርስዎና እትዬ የሺ ናችሁ። እዚህ ካለነው ውስጥ እርስዎ ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያልቀበሩለት ዘመድ፣ ያልመከሩት ልጅ ያለው እስቲ እጁን ያውጣ። አያችሁ? የለም። አመሰግናለሁ ጋሼ። ሁላችንም እናመሰግናለን። ይሄን ሁሉ ለጊዜው ነው ያደረጉት አይደል?

አሁን መልሴን ልስጥ። እናትዎ «ተመልሰህ ና» ያሉት ልጄ በሰው አገር ብቻውን እንዳይቀርብኝ ብለው ነው። እናት ሌላ ምን ትፈራለች? ብቻዎን አልቀሩም። ሄደው መቃብራቸውን ይሳለሙ፣ ጧፍ ያብሩ፣ «እማዬ፣ ሰው መሀል ነው ያለሁት» ይበሏቸው። እኔም አብሬዎት እሄዳለሁ፣ ከፈለጉ ፋጡም ትመጣለች። ከዚያ ይመለሱ። እኔ እንዲሄዱ አልፈልግም፣ በቃ። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ያ የለቀምነው ድንች የት ገባ? ከባጊው ማግስት ጓሮዎ ላይ ተክለውታል! ጋሽ ነስረዲን በአጥር አሻግረው አይተዋል። አሁን አበባ ላይ ነው። ሳይቆፈር ወዴት ነው የሚሄዱት? ድንች ተክሎ «ለጊዜው ነኝ» የሚልን ሰው ሂሳብም አያውቀው፣ ጂኦግራፊም አያውቀው። አይሱዙው ቅዳሜ ይምጣ፣ አንከለክልም። እኛም ሁላችን እንመጣለን። እርስዎ ይጭናሉ፣ እኛ እናወርዳለን። ማን እንደሚደክመው እናያለን።

በሉ እንግዲህ፣ ብርጭቆ አንሱ። ቢራ ያላችሁ በቢራ፣ ለስላሳ ያላችሁ በለስላሳ። የእኔ ችግር ይሄ ነው፦ ሽኙ ተብዬ ነው የተነሳሁት፣ ግን ሰው የሚሸኘው አስቀድሞ መጥቶ ከሆነ ነው። ጋሽ ግዛቸው ደግሞ እስከ ዛሬ አልመጣሁም ነው የሚሉት፣ ለጊዜው ነኝ ነው የሚሉት። ስለዚህ ዛሬ ሽኝት የለም። ዛሬ አቀባበል ነው።

እትዬ የሺ፣ አደራ ያልኩዎትን ይዘውልኝ መጥተዋል? እዚያ ከወንበሩ ሥር፣ አዎ። አያችሁት? ቡናማው ሻንጣ! ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ድንች የለበትም። ጋሼ፣ ይያዙት። እንደ ድሮው፣ ደረትዎ ላይ። ጋሽ ነስረዲን፣ እርስዎ ይነሱልኝ። ቀስ ብለው፣ ፋጡ ደግፊያቸው። ይምጡ ከፊት ለፊታቸው ይቁሙ። እጅዎን ይዘርጉ፣ ሁለቱንም። ያን ቀን ያሉትን አሁን ይበሉልን። ጮክ!

ሰማችሁ? «ባጋ ነጋን ዱፍተን!»

ጋሽ ግዛቸው፣ የሚጓተት የለም። ማንም አይቀማዎትም። ቀስ ይበሉ፣ የእኛ ጭቃ ሲቸኩሉት አይለቅም።

እ... ሰጧቸው! ሻንጣውን ሰጧቸው! ቆይ፣ ቆይ፣ አታጨብጭቡ፣ የሆነ ነገር ሊሉ ነው። ዝም በሉ እስቲ። ምን አሉ ጋሼ? ለኋለኞቹ አልተሰማም፣ እኔ ልድገመው።

«ባጋ ነጋን ቱርተን» አሉ።

ጋሽ ነስረዲን፣ መልስዎ ደርሷል። እርስዎም ጋሼ፣ እንኳን ወደ ቤትዎ በደህና መጡ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ ከእትዬ የሺ ጋር ድንቹን ቆፍረው ይብሉ፣ ለእኛም ይላኩልን። ለጋሽ ግዛቸው፣ ለአሰላው ሰው... ጠጡ!